ያልተመለሱ መጻሕፍት

በዚያ የጥቅምት ወር ወደ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት የገቡት ተማሪዎች አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ። ከእነሱም ስምንቱ የመጡት አየር ማቀዝቀዣው ስለሚሠራ ነው። ቀጸላ ይህን በደንብ ታውቃለች። ሲገቡ የሚያመሩት ወደ መደርደሪያው ሳይሆን ከማቀዝቀዣው ሥር ወዳለው ወንበር ነዋ። ስልካቸውን ያወጣሉ፣ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ላባቸው ሲደርቅ ውልቅ ይላሉ።

ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ 2013 ነው። ኮሌጁ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ የቆመ፣ ለወደብና ለጉምሩክ ሥራ ሰው የሚያሠለጥን የግል ተቋም ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ሲሆን፣ ከመስኮቱ የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ። ቀጸላ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ፈረንሳይኛን በልጅነቷ የለመደች ሴት ናት። አዲስ አበባ በቤተ መጻሕፍት ሙያ ዲፕሎማ ብትይዝም፣ ኑሮ ገፍቶ ጅቡቲ ጣላት። መጀመሪያ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሠፈር አንድ ቤተሰብ ዘንድ አራት ዓመት ልጅ አሳደገች፣ ወጥ ሠራች። ከዚያ ነው ይህ ሥራ የተገኘላት። መጻሕፍቱን ስትረከብ ግማሾቹ ተገልብጠው፣ ሁሉም አቧራ ለብሰው ነበር። አንድ በአንድ ጠረገች፣ ቁጥር ሰጠች፣ መልክ አስያዘች። ይህን ከጀመረች አምስት ዓመት ሆኗታል። ታዲያ ማንም ያልነካውን መጽሐፍ ስታይ፣ ለፍታ ያቀረበችው ምግብ ሳይቀመስ እንደተነሣባት ሴት ሆድ ይብሳታል።

አንድ ረፋድ ላይ ዲሬክተሩ፣ በፈረንሳይኛ ወግ «ሙሴ» (አቶ) ሙክታር የሚባሉት፣ ደረጃውን ወጥተው መጡ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ክፉ ሰው የማይባሉ ጎልማሳ ናቸው። ባዶዎቹን ወንበሮች ቆመው ተመለከቱ።

«ማዳም ቀጸላ፣ ሳልደብቅ ልንገርዎት» አሉ። «ይህን ክፍል በመጪው ሰኔ የኮምፒውተር ክፍል ላደርገው አስቤያለሁ። መጻሕፍቱን ወደ መጋዘን እናወርዳቸዋለን። እርስዎንም ወደ ሬጅስትራር ቢሮ አዛውርዎታለሁ፤ ከሥራ አይወጡም።»

«መጽሐፍ የሌለው ኮሌጅ ምን ኮሌጅ ነው፣ ሙሴ ሙክታር?»

«ማን ያነበዋል? ልጆቹ ያሉት ፌስቡክ ላይ ነው።»

«እዚያ ምን ያደርጋሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ብቻ እዚያ ናቸው።»

«እንግዲያው እኔም እዚያው እሄድባቸዋለሁ» አለች። ሰውየው ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉና ወረዱ።

ከማቀዝቀዣው ሥር ከሚቀመጡት መካከል ኑሪያ የምትባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። አፏ የማያርፍ፣ ሳቂታ ልጅ ናት፤ ቀጸላን እንደ ሶማሌ ወግ «ኤዶ» ብላ ነው የምትጠራት፤ አክስቴ ማለቷ ነው። ቀጸላ በዚያው ቀን አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠችና ስልኳን ዘረጋችላት።

«ነይ እስቲ ኑሪያ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ የፌስቡክ ገጽ ክፈቺልኝ።»

«ለመጻሕፍቱ?» ኑሪያ ሳቋ አመለጣት። «ኤዶ፣ መጻሕፍቱ ከማን ጋር ጓደኛ ሊሆኑ ነው?»

«ከአንቺ ይጀምራሉ።»

ገጹ ተከፈተ። ቀጸላ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ግማሽ ቀን ለፋችበት። «የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ለክቡራን ተጠቃሚዎቹ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አገልግሎት እንደሚሰጥ በአክብሮት ይገልጻል» የሚል ነበር፤ ፈረንሳይኛው እንከን የለውም። ሦስት ሰው ላይክ አደረገው፤ ኑሪያ፣ የኑሪያ የአጎት ልጅ፣ ሦስተኛዋ ራሷ ቀጸላ። በሳምንቱ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ለጠፈች። ዞር ብሎ ያየው የለም።

«ኤዶ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ማስታወቂያ ነው» አለቻት ኑሪያ። «ሰው እዚህ የሚመጣው ሊያወራ ነው።»

«እና ምን ላውራ?»

«አታውሪ። መጀመሪያ እኛ ስናወራ ስሚ።»

ኑሪያ የተማሪዎቹ ግሩፕ ውስጥ አስገባቻት። ቀጸላ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አነበበች። ቀልድ አለ፣ የኳስ ጭቅጭቅ አለ፣ የሠርግ ፎቶ አለ። በመካከሉ ግን ጥያቄ አለ። «ነገ ፈተና ነው፤ የመርከብ ጭነት ሰነድና የከባድ መኪና ጭነት ሰነድ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ይላል አንዱ። ሰባት ሰው መልሶለት ሰባቱም ተሳስተዋል! ቀጸላ ከወንበሯ ብድግ ስትል ጉልበቷ ጠረጴዛውን መታው። መልሱ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ሰማያዊ ልባስ ያለው መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል። ልዩነቱ በሠንጠረዥ የሠፈረበትን ገጽ በስልኳ ፎቶ አነሣችና ለጠፈችው። ከሥሩ «መጽሐፉ እኔ ጋ ነው፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አለሁ» ብላ ጻፈች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አራት ተማሪዎች ደረጃውን ወጥተው መጡ። አንደኛው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሰማያዊው መጽሐፍ ያለው እዚህ ነው?» አለ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ኮሌጁ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት መኖሩን አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መንገዱን አገኘ። ቀጸላ ጠዋት ጠዋት ሻይዋን ይዛ ጥያቄዎቹን ታነባለች፣ መልሱ ያለበትን መጽሐፍ ትፈልጋለች፣ ፎቶ አንሥታ ከሁለት መሥመር በማይበልጥ ቃል ትለጥፋለች። አቀራረቡንም ለመደች። በመጀመሪያው ወር ከሁሉ በላይ የተወደደላት ጽሑፍ «ዛሬ መብራት አልጠፋም፣ ማቀዝቀዣው ይሠራል፣ ኑ» የሚለው ነበር፤ ሁለት መቶ ሰው ላይክ አደረገው። መጀመሪያ ቅር አላት፤ ኋላ ሳቀች። ለብርዱ ብለው የመጡት ቀስ በቀስ እጃቸውን ወደ መደርደሪያው መስደድ ጀመሩ። ጥር ሲገባ ወንበር የማያገኝ ተማሪ መስኮቱን ተደግፎ ቆሞ ያነብ ነበር። ሙሴ ሙክታር አንድ ቀን በሩን ከፍተው አዩና መልሰው ዘጉት።

ብዙ መጽሐፍ ሲወጣ ታዲያ ብዙ መጽሐፍ ይቀራል። በየካቲት መጀመሪያ ላይ ሃያ ሦስት መጽሐፍ ቀኑ አልፎ አልተመለሰም። ከሁሉ የባሰው የጉምሩክ ሕጉ መጽሐፍ ነው፤ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ ከኅዳር ወር ጀምሮ ጀዋሪያ በምትባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስም ወጥቶ ቀርቷል። የሕግ መምህሩ ሁለት ጊዜ መጥተው ተቆጡ። በዚያ ላይ ዲሬክተሩ ደውለው የንብረት ቆጠራ ሊደረግ መሆኑን ነገሯት። «ይጎድላሉ የተባሉት መጻሕፍት ቢገኙ ለእርስዎም ጥሩ ነው» አሏት።

ቀጸላ ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ግሏል። አምስት ዓመት የጠበቀቻቸውን መጻሕፍት፣ በገዛ ጥረቷ በመጣው ሰው ልታጣቸው ነው! ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ የሃያ ሦስቱንም ተማሪዎች ስም ከነመጽሐፉ ርእስ ጻፈች። ከላይ «የኮሌጁን መጻሕፍት ወስደው ያልመለሱ» የሚል አርእስት ሰጠችው። ለረጅም ጊዜ የዘገየው ይቅደም ብላ የጀዋሪያን ስም አንደኛ አደረገችው። ገጹ ላይ ለጠፈችና ምሳዋን ልትበላ ወጣች።

ስትመለስ መቶ አርባ ሰው አስተያየት ሰጥቶበታል። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም፤ አልዋሽም፣ ለአፍታ ደስ አላት። ከዚያ ማንበብ ጀመረች። የሚስቁ ፊቶች፣ የሚያፌዙ ቃላት። አንዱ ከጀዋሪያ ስም ጎን የልጅቷን ፎቶ አምጥቶ ለጥፎ፣ «የመጽሐፍ ሌባ፣ ባያችኋት ጊዜ ቦርሳችሁን ያዙ» ብሏል። ስድሳ ሰው ስቆበታል።

በሩ በኃይል ተከፈተ፤ ኑሪያ ናት። የዚያን ቀን አልሳቀችም።

«ኤዶ፣ አጥፊው።»

«አሁን እያነበብኩት...»

«አሁኑኑ አጥፊው!»

ቀጸላ አጠፋችው። ግን ፎቶ አንሥተው ያስቀሩት ነበሩና በየስልኩ መዞሩን ቀጠለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ ነበር አባቷ። ይህኛው ደግሞ የአፍ እንኳ አልነበረም፤ በጽሑፍ የሰፈረ ነው።

መጻሕፍቱ ተመለሱ። በሦስት ቀን ውስጥ ሃያ ሁለቱ ጠረጴዛዋ ላይ ተከመሩ፤ ግን ማንም ዓይኗን አላያትም። አንዳንዱ በጓደኛው ልኮ አስመለሰ፤ አንዱ ሰላምም ሳይል ወርውሮት ሄደ። በሳምንቱ ወንበሮቹ እንደ ጥቅምቱ ባዶ ሆኑ። ገጹ ላይ የለጠፈችውን የሚያየው ጠፋ። ጀዋሪያ ከነጭራሹ ትምህርት ቤት መምጣት አቆመች።

«በእኔ ምክንያት ነው?» ስትል ቀጸላ ኑሪያን ጠየቀቻት።

«በማን ይሆናል ኤዶ?»

ቀጸላ ሀራሙስ የሰው ቤት ስትሠራ አንድ ጊዜ የብር ማንኪያ ጠፍቶ በእንግዳ ፊት ተጠይቃ ነበር። ማንኪያው ኋላ ተገኘ፤ የእንግዶቹን ዓይን ግን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። አሁን ለኑሪያ ነገረቻትና፣ «የጀዋሪያን ቤት የምታውቂው ከሆነ ውሰጂኝ» አለቻት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ በሚኒባስ ሄደው ካርትዬ ስድስት የሚባለው ሠፈር ወረዱ። በቆርቆሮና በጣውላ በተሠሩ ቤቶች መሐል ጠባቡን መንገድ ይዘው አንድ ሰማያዊ በር አንኳኩ። የከፈተችው የጀዋሪያ እናት ሱሪያ ናት፤ ሰፊ፣ ደርባባ ሴት። ኑሪያ በሶማልኛ ማን እንደመጣ ስትነግራት ሴትየዋ በሩን ለቀቅ አላደረገችም።

ቀጸላ በተሰባበረ ሶማልኛዋ፣ «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች።

ሱሪያ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ልጄን በአደባባይ ሰድበሽ ይቅርታውን በጓዳ ልትጠይቂያት ነው?»

«ልክ ነሽ» አለች ቀጸላ።

ሴትየዋ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ በሩን ከፈተችው። ግቢው ውስጥ ከተወጠረው ሸራ ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል፤ አምስት ወጣት ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መካከላቸው ላስቲክ የተለበጠው የጉምሩክ ሕግ መጽሐፍ ተዘርግቷል። ቀጭኗ፣ መነጽር ያደረገችው ጀዋሪያ ቀጸላን ስታይ መጽሐፉን ከደነችው።

«ይኸው ውሰጅው» አለች በፈረንሳይኛ። «አልሰረቅሁትም።»

«እንዳልሰረቅሽው አውቃለሁ። ለምን ሳትመልሺው ቀረሽ ብዬ እንኳ ሳልጠይቅሽ ስምሽን አጠፋሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጀዋሪያ በአገጯ ጓደኞቿን አሳየች። «እነዚህ የኮሌጃችን የማታ ተማሪዎች ናቸው። የማታ ተማሪ የቤተ መጻሕፍት ካርድ አይሰጠውም። ቢሰጠውም እናንተ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትዘጋላችሁ፣ እነሱ በዚያ ሰዓት ነው ከሥራ የሚወጡት። ካርድ ያለኝ እኔ ነኝ፤ መጽሐፉ በየሳምንቱ ከአንዷ ወደ አንዷ ይዞራል።»

ቀጸላ ደንቡን ታውቀዋለች። በሩ ጀርባ የተለጠፈውን ወረቀት በየዓመቱ በእጇ አድሳዋለች። አንድም ቀን ግን ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ከልጆቹ አንዷ በአማርኛ፣ «እትዬ፣ ተቀመጡ እንጂ» አለቻት። ቀጸላ ደንግጣ ዞረች። ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሻሿን ወደ ኋላ አስራለች። ትርንጎ ትባላለች፤ ሀራሙስ ውስጥ የሰው ቤት ትሠራለች፣ አሠሪዎቿ ፈቅደውላት ማታ ማታ ትማራለች፣ ዕረፍቷ እንደ አገሩ ልማድ ዓርብ ነው።

«ቤተ መጻሕፍቱን በአካል አይቼው አላውቅም» አለች ትርንጎ። «ግን እርስዎ የሚለጥፉትን ሁሉ አስቀምጫለሁ። ይመልከቱ።» ስልኳን አወጣች። የመጀመሪያው የጭነት ሰነድ ሠንጠረዥ፣ የኢንሹራንሱ ገጽ፣ የኮንቴይነር መለኪያው፣ ከጥቅምት ጀምሮ የተለጠፈው ሁሉ በቅደም ተከተል ተቀምጧል። «ልብስ ስተኩስ ከፊቴ አቆመውና አነበዋለሁ። ያለፈውን ፈተና ያለፍኩት በዚህ ነው።»

ቀጸላ ስልኩን ይዛ ቀረች። ላይክ ያደረገውን ሁሉ በየቀኑ ስትቆጥር ከርማለች፤ ይቺ ልጅ ግን አንድም ቀን ላይክ አድርጋ አታውቅም። ከምታያቸው ስሞች ውስጥ አልነበረችም።

«ለምን አልጻፍሽልኝም፣ የኔ እናት?»

«ካርድ የሌለው ሰው መጻፍ ይችላል እንዴ?» አለች ትርንጎ፤ የምር ነበር የጠየቀችው።

ቀጸላ መጽሐፉን አልወሰደችም። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ፣ የመመለሻ ቀኑን ልባሱ ላይ ቀይራ ለጀዋሪያ መለሰችላት። ከዚያ ስትወጣ ለሱሪያ፣ «በአደባባይም እጠይቃታለሁ» አለቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮዋ ገብታ ጻፈች። ይህኛውን እንደ ፊተኛው አላሳመረችውም። «ባለፈው የሃያ ሦስት ተማሪዎችን ስም እዚህ ለጥፌ ነበር። ያንን ማድረግ አልነበረብኝም። ማን ምን እንደተዋሰ የምናውቀው የተዋሰው ሰውና እኔ ብቻ መሆን ነበረብን። ሌባ የተባለችው ተማሪ ያጠፋችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካርድ የማንሰጣቸውን የማታ ተማሪዎች መጽሐፉን አስነብባለች። የኛን ሥራ ሠርታልናለች። ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ሌሎቹንም እንዲሁ። የማታ ተማሪ ሆናችሁ መጽሐፍ የምትፈልጉ ካላችሁ እዚህ ጻፉልኝ። ቀጸላ።» ቁልፉን ከመጫኗ በፊት የኮሌጁን ደንብ በአደባባይ መተቸቷ እንደሆነ ገብቷታል። ተጫነችው።

እኩለ ቀን ሳይሆን ሙሴ ሙክታር አስጠሯት። ጠረጴዛቸው ላይ ስልካቸው በርቶ ተቀምጧል።

«ለእኔ ሳይነግሩ ለሕዝብ ነገሩ» አሉ።

«ጥፋቴ በሕዝብ ፊት ስለነበር ነው። የደንቡን ነገር ግን መጀመሪያ ለእርስዎ መንገር ነበረብኝ፤ በዚህ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሰውየው ስልኩን አንሥተው በጣታቸው ወደ ታች እየገፉ ማንበብ ጀመሩ። «ስድሳ አንድ ሰው ጽፏል። ዶራሌ ወደብ የኮንቴይነር ጸሐፊ ነኝ የሚል አለ። ሁለት ልጆች አሉኝ የምትል አለች። በሁለት ዓመት አንድ መጽሐፍ በእጄ አልያዝኩም ይላል ይሄኛው።» ቀና አሉ። «እነዚህ ሁሉ የኛ ናቸው?»

«የኛ ናቸው።»

«የማታውን ክፍል እኔ ነኝ የከፈትኩት» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ካርዱን ማሰብ ረሳሁ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ተከራከሩ። እሳቸው ኮምፒውተር ያስፈልጋል አሉ፤ እሷም አልካደችም። ሲያበቃ ክፍሉ እኩል ተከፈለ። በመስኮቱ በኩል ስምንት ኮምፒውተሮች ይገባሉ፣ መጻሕፍቱ በግድግዳው በኩል ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሑድና ረቡዕ፣ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ክፍት ይሆናል። የሚሞከረው እስከ ሰኔ ነው። «ሰው ካልመጣ እዘጋዋለሁ» አሉ ሙሴ ሙክታር። ቀጸላም፣ የመጻሕፍቱ ቦታ ስለጠበበ ማንም የማይፈልጋቸውን አሮጌዎቹን መርጣ ማስወገድ እንዳለባት ገባት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እየመረጠች አንዳንዱን ስትለይ እንባዋ ይመጣ ነበር።

ጀዋሪያ በአሥረኛው ቀን ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ግን አልመጣችም። ቀጸላ ኮሪደር ላይ ስታገኛት ሰላም ትላታለች፤ ልጅቷ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች። ቀጸላም አልተጫነቻትም፤ የሰው ልብ በትእዛዝ አይከፈትም። መጋቢት ውስጥ አንድ ረፋድ ላይ የገጹን መልእክት ስታይ ጀዋሪያ ጽፋላት አገኘች። «እሑድ ማታ ሊመጡ ካሰቡት ብዙዎቹ ፈረንሳይኛ መጻፍ ያፍራሉ። በሶማልኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛም መጠየቅ ይቻላል ብለሽ ለጥፊ። ሶማልኛውን እኔ እጽፍልሻለሁ» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ቀጸላ ሦስት ጊዜ አነበበችውና፣ «አመሰግናለሁ፤ አማርኛውን እኔ እጽፋለሁ፤ አፋርኛ የሚችል እንፈልግ» ብላ መለሰችላት።

የመጀመሪያው የምሽት እሑድ ደረሰ፤ የማታ ተማሪዎቹ አመሻሹ ላይ መጡ። የወደብ ሸሚዛቸውን ሳያወልቁ የመጡ ጎልማሶች፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ዶራሌ የሚሠራው ጫላ የሚባል የኮንቴይነር ጸሐፊ። ገብተው በዝግታ ዞሩ፤ የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው፤ መጻሕፍቱን ሳይነኩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያያሉ። ኑሪያ ከኮምፒውተሮቹ ጎን ቆማ፣ «ንኳቸው እንጂ፣ አይናከሱም!» ስትል ሁሉም ሳቀና ክፍሉ ሞቅ አለ።

ትርንጎ በመጨረሻ ደረሰች፤ ከሀራሙስ ሚኒባስ አጥታ ግማሹን መንገድ በእግሯ መጥታለች። በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ የመጀመሪያውን መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር፣ እያንዳንዱን ርእስ በከንፈሯ እያነበበች ሄደች፤ ሁለተኛውንም ቀጠለች። ቀጸላ ልትረዳት ተነሥታ ነበር፤ ግን ተመልሳ ተቀመጠች። ልጅቷ በመጨረሻ አንድ ወፍራም የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ በሁለት እጇ አቅፋ መጣች።

«እትዬ፣ ይህን ያህል ገጽ በስልክ ሲሆን እንዴት ይከብድ እንደነበር!» አለች።

ቀጸላ አዲስ ካርድ አወጣች። «ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ» አለችና እስክሪብቶዋን አነሣች። ከትርንጎ ኋላ ጫላ ተራውን ይጠብቃል፤ ከጫላ ኋላ ደግሞ ወረፋው ኮሪደሩ ድረስ ደርሷል።